በንፋስ መውጫ ከፍታ ለትንሽ አውሮፕላን የክንፍ ሰርቮ አመራረጥ

ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር 26 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ላይ 20 በመቶ፣ ባሕር ዳር ላይ 16 በመቶ ገደማ ነው። በባትሪ የሚሠራ፣ በሪሞት የሚነዳ ትንሽ አውሮፕላን ሠርታችሁ ወይም ገዝታችሁ ከተማዋ ባለችበት በላይ ጋይንት ለማብረር ካሰባችሁ፣ ከዕቃው ጋር የሚመጣው የማስተካከያ ወረቀት ይህን ከፍታ አስቦ የተጻፈ አይደለም። ክንፉ ላይ የሚገቡትን ሰርቮዎች ስትመርጡ፣ ስትገጥሙና ስታስተካክሉ የአየሩ መሳሳት በየደረጃው ይገጥማችኋል።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ

በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። የሲቪል በረራን የሚቆጣጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የእናንተ አውሮፕላን ካሜራ የሌለው የፎም ሥራ ቢሆንም፣ ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታየውም። ይህች ከተማ በነሐሴ 2013 ጦርነት የገባባት ናት፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም የአማራ ክልል ሰላም አላገኘም። ሰማይ ላይ የሚያጉረመርም ነገር ሲሰማ ልጁን ይዞ የሚሮጥ ሰው ባለበት ቦታ፣ ሳይነግሩ አውሮፕላን ማስነሣት ሕግ መጣስ ብቻ ሳይሆን በሰው ልብ መጫወት ነው። ለራሳችሁም አደገኛ ነው። ፈቃዱ በጽሑፍ እስኪገኝ፣ ወረዳውም ቀበሌውም ጎረቤቱም አስቀድሞ እስኪያውቅ ድረስ አውሮፕላኑ ከቤት አይውጣ። እስከዚያው ሥራ አትፈቱም፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ነው።

አይሌሮን ያስፈልጋችኋል?

አይሌሮን በክንፉ የኋላ ጠርዝ በግራና በቀኝ ያለችው ተንቀሳቃሽ ክፍል ናት። አንዷ ሽቅብ ስትታጠፍ ሌላዋ ቁልቁል ትታጠፋለች፤ አውሮፕላኑም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ሰርቮ ደግሞ ከሪሞቱ የመጣውን ትእዛዝ ተቀብላ ይህችን ክፍል በሽቦ የምትገፋና የምትስብ ትንሽ ሞተር ናት።

ከዚህ በፊት አብርራችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላናችሁ አይሌሮን ባይኖረው እመርጣለሁ። ክንፉ ከመካከሉ እጥፍ ብሎ ጫፎቹ ወደ ላይ የተነሡ፣ ጅራቱ ላይ ባሉት በሩደርና በኤሌቬተር ብቻ የሚታዘዝ አውሮፕላን ቢያጋድል እንኳ ራሱን ያቃናል፤ ለመማርም ጊዜ ይሰጣል። እጃችሁ ሲለምድ ወደ አይሌሮን ትሸጋገራላችሁ። በነፋሻ ቦታ ያለ አይሌሮን ለረጅም ጊዜ መቆየት አይቻልም፤ ክንፉን ድንገት የሚያነሣ ነፋስ ሲመጣ ሩደር ብቻውን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

አንድ ሰርቮ፣ ሁለት ሰርቮ፣ ሁለት ቻናል

በተግባር ምርጫው ከሦስት አይወጣም።

አንደኛው፣ ክንፉ መካከል አንዲት ሰርቮ አስቀምጦ በታጠፉ የብረት ዘንጎች ሁለቱንም አይሌሮን ማንቀሳቀስ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ አንድ ቻናል፣ ማለትም አንድ የትእዛዝ መስመር፣ ይበቃዋል። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ ጫፍ ከ80 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥና ከ300 ግራም በታች ለሚመዝን አውሮፕላን አይከፋም። ችግሩ ዘንጉ ላይ ነው፤ በረዘመና በቀጠነ ቁጥር ይጠማዘዛል፣ ሰርቮዋ የሰጠችውን እንቅስቃሴም ግማሽ መንገድ ላይ ይበላዋል። ይህን ከመረጣችሁ ዘንጉ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የሚወጣው ቀጭን የብረት ዘንግ ልኩ እዚያው አካባቢ ነው፤ ጠንካራም ነው።

ሁለተኛው፣ በእያንዳንዱ ክንፍ አንድ አንድ ሰርቮ ገብቶ ሁለቱ ገመዶች በአንድ ባለሹካ ገመድ፣ በተለምዶ «ዋይ» በሚባለው፣ ተገናኝተው ወደ አንድ ቻናል ሲገቡ ነው። ሽቦው አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን መጠማዘዙ ይቀራል። ሁለቱ ሰርቮዎች ግን አንድ ትእዛዝ ስለሚሰሙ፣ አንዷን ለብቻ ከሪሞቱ ላይ ማስተካከል አይቻልም። ባለ4 ቻናል ሪሲቨር (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ክፍል) ብቻ ካላችሁ ያለው መንገድ ይኸው ነው።

ሦስተኛው፣ ሁለቱን ሰርቮዎች በሁለት የተለያዩ ቻናሎች መሰካት ነው። ሪሞቱ ለእያንዳንዷ የየራሷን መጠን ሊያዛት ይችላል። በ3,100 ሜትር ለሚበር፣ የክንፉ ርዝመት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ አውሮፕላን ይህን ምረጡ። የሚጨምረው ክብደት 9 ግራምና የአንድ ገመድ ያህል ነው፤ ለ600 ግራም አውሮፕላን ከ3 በመቶ በታች ማለት ነው።

ለምን ይህን?

የክንፉ ርዝመት 1 ሜትር፣ ስፋቱ 18 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 600 ግራም የሆነ አውሮፕላን እንውሰድ። በባሕር ጠረፍ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ አየር ላይ መቆየት ይችላል፤ ከዚያ ከቀነሰ ክንፉ መሸከም ያቆማል። ያው አውሮፕላን ንፋስ መውጫ ላይ የሚወድቅበት ፍጥነት 29 ገደማ ነው። ቆላ ላይ በተለማመዳችሁበት ዓይን «ይበቃል» ብላችሁ ለማረፍ ፍጥነት ስትቀንሱ፣ እዚህ የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ናችሁ።

አደጋው የሚመጣው እዚህ ጠርዝ ላይ ነው። አውሮፕላኑ በዝግታ ሲበር ቀኙ ክንፍ ቢወርድና ለማንሣት ማንሻውን ወደ ግራ ብትገፉ፣ የቀኙ አይሌሮን ወደ ታች ይታጠፋል። ወደ ታች የታጠፈ አይሌሮን ክንፉን እንዲያነሣ ነው የታሰበው። መሸከም ሊያቆም በተቃረበ ክንፍ ላይ ግን ጫፉን ከአቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል፣ ወደ ኋላም ይጎትተዋል። ክንፉ በመነሣት ፈንታ ድንገት ይወርዳል፤ አውሮፕላኑም እየተሽከረከረ መሬት ይመታል።

መፍትሔው ወደ ላይ የሚታጠፈው ብዙ፣ ወደ ታች የሚታጠፈው ጥቂት እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህ የሚገኘው በቀላሉና በትክክል ከሁለት ቻናል ነው። ብዙ ሪሞቶች ሁለቱንም አይሌሮን አንድ ላይ ዝቅ አድርጎ እንደ ፍላፕ የመጠቀም አማራጭም ይሰጣሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ለትንሽ አውሮፕላን አትጠቀሙበት። የክንፉን ጫፍ በዝግታ ጊዜ የሚያስጨንቀው ያ ራሱ ነው።

ስስ አየር ማብረርን አይከለክልም፤ ፍጥነት ይጠይቃል እንጂ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ወደ አገሯ የተመለሰችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን የበረረችው ከደጋ ተነሥታ ነው። ደግሞም የእናንተ ሞተር ኤሌክትሪክ ነው፤ እንደ ቤንዚን ሞተር በአየር ማነስ አይደክምም። የሚደክመው ፕሮፔለሩ ነው፤ በዚያው የዙር ፍጥነት ግፊቱ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ 8 በ4 ኢንች ከሆነ 8 በ5 ሞክሩ፣ ሞተሩ የሚስበውንም አምፔር ለኩ።

ሰርቮዋን መምረጥ

አዲስ አበባ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫዎች በብዛት የሚገኘው ሰማያዊዋ ኤስጂ90 ናት፤ ተማሪዎች በአርዱዊኖ ሥራ የሚያውቋት። ክብደቷ 9 ግራም፣ ጥርሶቿ ፕላስቲክ፣ ጉልበቷ በ4.8 ቮልት 1.8 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ነው። እኅቷ ኤምጂ90ኤስ የብረት ጥርስ አላት፣ 13 ግራም ተኩል ገደማ ትመዝናለች።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የትኛዋ ትበረታለች?» ብሎ ነው። እስቲ እናስላው። ርዝመቷ 30፣ ስፋቷ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነች አይሌሮን በሰከንድ 15 ሜትር በሚበር አውሮፕላን ላይ በዚህ ስስ አየር 25 ዲግሪ ያህል ብትታጠፍ፣ ለመያዝ የሚጠይቀው ጉልበት ወደ 0.1 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ነው። ፍጥነቱ 25 ሜትር ቢደርስ እንኳ 0.3 አይሞላም። ትንሿ ሰርቮ ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ አላት ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን በጉልበት ላይ አታፍስሱ። የሚለየው ሰርቮዋ ወደ መካከል ስትመለስ ያው ቦታ ላይ መቆሟና ጥርሷ ልቅ አለመሆኑ ነው።

ያንን በቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ለስፌት የሚሆን አንድ ቀጥ ያለ ስንደዶ ውሰዱ፤ ከሰርቮዋ መሽከርከሪያ መካከል እስከ ጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ቆርጣችሁ በሰርቮዋ ክንድ ላይ በስኮች እሰሩት። ሰርቮዋን ጠረጴዛ ላይ አጥብቃችሁ ከሥሯ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ማንሻውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ገፍታችሁ ቀስ ብላችሁ መልሱት፤ የስንደዶው ጫፍ የቆመበትን በእርሳስ ነጥቡ። አሁን ወደ ግራ ገፍታችሁ መልሱና ነጥቡ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው እያንዳንዱ 1.7 ሚሊ ሜትር አንድ ዲግሪ ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ጥሩ ሰርቮ ናት። ከ4 ካለፈ ለአይሌሮን አትሆንም፤ አውሮፕላኑን በየበረራው በሌላ አቅጣጫ ታስጋድለዋለች። ከዚያ ስንደዶውን በጣታችሁ ግራና ቀኝ በጣም በቀስታ ንኩት፤ ሰርቮዋ ሳትቃወም የሚንቀሳቀሰው መጠን የጥርሷ ልቅነት ነው። ገበያ ላይ ያሉት ኤስጂ90ዎች ሁሉ እኩል አይደሉም፤ ተመሳስለው የተሠሩም አሉ። አቅም ከፈቀደ አራት አምስት ገዝታችሁ ተቀራራቢ የሆኑትን ሁለቱን ለአይሌሮን፣ የቀሩትን ለሩደርና ለሌላ ሥራ አድርጓቸው። ፕላስቲክ ጥርስ ያላትን ሰርቮ በእጅ እያሽከረከራችሁ አትፈትኑ፤ ጥርሷ የሚጎዳው እንደዚያ ነው።

የብረት ጥርስ መቼ? ማረፊያችሁ የገብስ ቃርሚያ ወይም ድንጋያማ መሬት ከሆነና ክንፉ መሬት መንካቱ የማይቀር ከሆነ ኤምጂ90ኤስ ግዙ። ሣር ላይ ለሚያርፍ ቀላል አውሮፕላን ፕላስቲኩ ይበቃል።

መግጠም

ሰርቮዋ በአይሌሮኗ ርዝመት መካከል ትይዩ ትቀመጥ። ፎሙን በሰርቮዋ ልክ ቆርጣችሁ ከሥር አስገቧት። በሙቀት የሚቀልጠው ሙጫ ለፎም ይወደዳል፤ በጋይንት የታኅሣሥ ማለዳ ግን ይደርቅና ከፕላስቲኩ ገጽ ተላቆ ይነሣል። ሰርቮዋን መጀመሪያ በወረቀት ፕላስተር ጠቅልሏት፤ ሙጫው ፕላስተሩን በደንብ ይይዛል፣ ለመቀየር ስትፈልጉም ሳትሰበር ትወጣለች። ከላይ ደግሞ ስስ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ በብሎን እሰሩባት።

የፎም አይሌሮን ራሷ ትጠማዘዛለች። ከኋላ ጠርዟ በርዝመቷ ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር አጣብቁ። ማጠፊያውን በሙሉ ርዝመቱ በሰፊ ስኮች ሸፍኑት እንጂ ቁርጥራጭ አታድርጉ፤ ክፍተት ካለ አየሩ ሾልኮ ይሄዳል፣ የሳሳውን አየርም ማባከን የለብንም። ስኮቹን ከመለጠፋችሁ በፊት ክንፉንም ስኮቹንም ቤት ውስጥ አሙቁ፤ በብርድ የተለጠፈ ስኮች በሳምንቱ ይነሣል።

ክንዱና ሽቦው

ክንዱን ከመክተታችሁ በፊት ሰርቮዋን ኤሌክትሪክ ሰጥታችሁ ማንሻውና ትሪሙ መካከል ላይ እያሉ አቁሟት። ከዚያ ክንዱ ከሽቦው ጋር ቀጥ ያለ 90 ዲግሪ እንዲሠራ አድርጋችሁ አስገቡት። ሽቦው ከአይሌሮኗ ቀንድ (አይሌሮኗ ላይ ከተተከለው ክንድ) ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ በትክክል ከማጠፊያው መስመር ሥር ይሁን።

በሰርቮዋ በኩል አጭር፣ በአይሌሮኗ በኩል ረጅም ክንድ ተጠቀሙ። ለምሳሌ ሰርቮዋ ላይ 10፣ ቀንዱ ላይ 15 ሚሊ ሜትር። ሰርቮዋ ግራና ቀኝ 45 ዲግሪ ስትዞር አይሌሮኗ 28 ዲግሪ ገደማ ትታጠፋለች፤ የሰርቮዋ ልቅነትም አይሌሮኗ ዘንድ ሲደርስ በሲሶ ቀንሶ ይደርሳል። ብዙዎች ረጅም ክንድ ሰርቮዋ ላይ ያስገቡና እንቅስቃሴው ሲበዛባቸው ከሪሞቱ ይቀንሱታል። እንደዚያ ሲደረግ ልቅነቱ እንዳለ ይቀራል፤ የተቀነሰው ጥቅሙ ብቻ ነው።

በዋይ ገመድ የምትሠሩ ከሆነ የላይና የታች ልዩነቱን ከክንዱ ማግኘት ትችላላችሁ። ሰርቮውም ቀንዱም ከክንፉ ሥር ከሆኑ፣ ሁለቱንም ክንዶች ከ90 ዲግሪው ወደ ክንፉ የፊት ጠርዝ አዘንብሏቸው። በኤስጂ90 አንድ ጥርስ 17 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። 20 ዲግሪ ሲሆን የላዩ እንቅስቃሴ ከታቹ 1.4 እጥፍ፣ 30 ዲግሪ ሲሆን 1.6 እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ሰርቮዎች እንደ መስታወት ምስል ተገላልጠው ካልተገጠሙ ግን ሁለቱም አይሌሮኖች አንድ ላይ ይወርዳሉ፤ ያን ካያችሁ አንዷን ገልብጡ።

ሪሞቱ ላይ

በአገራችን ባሉ አብራሪ ወጣቶች እጅ በርካሽነቱ ሊገባ የሚችለውን ፍላይስካይ አይ6 እንደ ምሳሌ እንያዝ። አንዷን ሰርቮ ቻናል 1 ላይ፣ ሌላዋን ቻናል 6 ላይ ሰኩ። ቻናል 6 ከማዞሪያ ቁልፍ ጋር ተያይዞ ከሆነ ግንኙነቱን አጥፉት፤ አለዚያ ቁልፉን በክንዳችሁ ስትነኩ አይሌሮኗ ትንቀሳቀሳለች። ከዚያ «ሚክስ» ውስጥ ገብታችሁ ቻናል 1ን አዛዥ፣ ቻናል 6ን ታዛዥ አድርጉ። ሚክሱ ለሁለቱ አቅጣጫዎች የተለያየ መቶኛ ስለሚቀበል፣ የታች እንቅስቃሴውን እዚያ ትቀንሳላችሁ፤ የቻናል 1ን ደግሞ ከጉዞ መጨረሻ ማስተካከያው ላይ።

ለጀመርነው አውሮፕላን፣ ስፋቷ 3 ተኩል ሴንቲ ሜትር በሆነ አይሌሮን ላይ በማስመሪያ እየለካችሁ ወደ ላይ 12፣ ወደ ታች 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ጀምሩ። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ለዩ። ኤክስፖ 30 በመቶ አድርጉ፤ ማንሻው መካከል አካባቢ ረጋ ይላል፣ ለማለዳ ብርድ ለደነዘዘ ጣትም ይጠቅማል። ወደ ሲማዳ ቆላ ወርዳችሁ ስታበሩ አየሩ ስለሚወፍር አውሮፕላኑ በዘገየ ፍጥነት ይታዘዛል፤ ያኔ መጠኑን እንደ አዲስ ፈትኑ።

አቅጣጫውን ሳታረጋግጡ አትነሡ። ከአውሮፕላኑ ኋላ ቆማችሁ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ አቁማችሁ ማንሻውን ያዙና ወደ ቀኝ ግፉ። አውራ ጣቱ ያዘነበለበት ጎን ያለችው አይሌሮን ከፍ ማለት አለባት። በየበረራው፣ ባትሪ በቀየራችሁ ቁጥር፣ ይህን አድርጉ።

ኤሌክትሪኩ ይበቃል?

ለሰርቮዎች 5 ቮልት የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ናት፤ በትናንሾቹ ላይ 2 አምፔር ያህል ትችላለች። ኤስጂ90 ስትንቀሳቀስ የምትወስደው ጥቂት ነው፤ ከተያዘችና መዞር ካቃታት ግን እስከ 0.7 አምፔር ትስባለች። አራት ሰርቮ በአንድ ጊዜ ቢጨናነቁ 2.8 አምፔር ይሆናል፤ ሪሲቨሩም አየር ላይ ይጠፋል። የትኛዋም ሰርቮ ማንሻው መጨረሻ ላይ ሲደርስ «ዝዝ» እያለች መታገል የለባትም። ካለች ሽቦዋን አስተካክሉ።

ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ ማንሻዎቹን ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ያለ ዕረፍት አተራምሱ። የሪሲቨሩ መብራት ብልጭ ካለ፣ ወይም መቆጣጠሪያው ጣት የሚያቃጥል ከሆነ፣ በባለ3 ሴል ባትሪ ለብቻው የሚሠራ 3 አምፔር የሚሰጥ የተለየ ክፍል ጨምሩ። ስስ አየር ሙቀትን ጥሩ አድርጎ አይወስድምና መቆጣጠሪያውን ፎም ውስጥ አትቅበሩት፤ የአየር መግቢያና መውጫ ይኑረው።

የመጀመሪያው በረራ

ከአዝመራ በኋላ፣ ማሳው ሲጸዳ፣ ነፋሱ ሳይነቃ በማለዳ ሂዱ። ባትሪውን እስክትሰኩት ድረስ ጋቢ ውስጥ አሙቃችሁ ያዙት፤ የቀዘቀዘ ሊፖ ባትሪ አውሮፕላኑ በሚነሣበት ሰዓት ቮልቱ ይወርዳል። ከገደል ጫፍ ራቁ፤ ነፋሱ ከገደሉ ሲያልፍ ከኋላው ወደ ታች የሚጎትት ሽክርክሪት ይሠራል፣ ትንሽ አውሮፕላንም አይቋቋመውም።

ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ በሙሉ ኃይል አስነሡ፤ ሁለት ቤት ያህል ከፍታ ሳትይዙ አታጋድሉ። ከፍ ካላችሁ በኋላ፣ ለስሕተት የሚሆን ከፍታ እያላችሁ፣ ሞተሩን ቀስ በቀስ ቀንሱና አውሮፕላኑ መቼ መታዘዝ እንደሚያቆም እዩ። ክንፉ ሲወርድ አይሌሮን አትግፉ፤ ኤሌቬተሩን ልቀቁ፣ ሞተር ስጡ፣ በሩደር አቅኑ፤ ፍጥነቱ ሲመለስ ብቻ ወደ አይሌሮን ተመለሱ። ክንፉ ያለማቋረጥ ወደ አንድ ጎን የሚወርድ ከሆነ የዚያን ጎን ክብደትና ጠመዝማዛነት መርምሩ። ስትዞሩ አፍንጫው ወደ ተቃራኒው ጎን የሚሄድ ከሆነ የታቹን እንቅስቃሴ በ1 ሚሊ ሜትር ቀንሱ።

ለማረፍ ስትመጡ እስከ መጨረሻው ጥቂት ሞተር ያዙ፤ መሬት ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ዝጉት። ካረፈ በኋላ ባትሪውን ነቅላችሁ ሰርቮዎቹን በጣት ንኩ፤ ከአንዷ ይልቅ ሌላዋ ከሞቀች ሽቦዋ የሆነ ቦታ ይፋተጋል። የስንደዶውን ፈተና ደግሞ ክንፉ መሬት በመታ ቁጥር ድገሙት፤ ከጥርሱ አንዱ እንኳ ተቆርጦ ከሆነ ነጥቦቹ ተራርቀው ይነግሯችኋል።